የማይቆጣው ድምፅ

ስህተቱ ርዝመቱ ላይ ነበር። ልጅቷ ያስተዋለችው ግን ኮምፒውተሩ ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ነው።

እናቷ እጆቿን ወገቧ ላይ ጭና፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት ስትናገር ቆይታለች። ስለ ካውያው፣ መሬት ላይ ስለተዝረከረከው ብጥስጣሽ ጨርቅ፣ ሳይጠየቅ ስለተወሰደው ነጭ ክር፣ በመጨረሻም «ፈጣሪ እጅ እንጂ ህሊና ስላልሰጣት» ሴት አንድ በአንድ ዘርዝራለች። ልጅቷ ጻፈች፤ ተጫነችው። ከኮምፒውተሩ የወጣው ወፍራም የወንድ ድምፅ መስኮቱ አጠገብ በተቀመጠችው በዚያችው ሴት ቋንቋ አንድ አጭር ነገር ተናገረና ዝም አለ።

«ጨረሰ?» አለች እናቷ።

«አዎ፣ እማዬ።»

«ያን ሁሉ ተናግሬ?»

«የእነሱ ቋንቋ አጭር ነው እኮ።»

እናቷ ዓይኗን አጥብባ አየቻት። «ትናንት ‹የእነሱ ቋንቋ ረጅም ነው› አላልሽኝም?»

ብላታለች። ትናንት እናቷ «አይሆንም» ብላ በአንድ ቃል የዘጋችውን ነገር ለማለሳለስ ብዙ ጽፋ፣ የኮምፒውተሩ ሰውዬ ሲያነበንብ ቆይቶ ነበር። ልጅቷ ውሸቷን በልክ መቁረጥ አልሆነላትም፤ አንዴ ያጥርባታል፣ አንዴ ይረዝምባታል።

የክፍል ጓደኞቿ «ሬዲዮ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት በዚሁ ክዳኑ በተሰነጠቀ አሮጌ ላፕቶፕ ምክንያት ነው። ውስጡ ያለው ፕሮግራም በአንድ ቋንቋ የተጻፈለትን ወደ ሌላ ይመልስና ጮክ ብሎ ያነባል። በሴትዮዋ ቋንቋ ያለው ድምፅ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የትልቅ ሰው፣ የማይቸኩልና የማይቆጣ የወንድ ድምፅ። በእነሱ ቋንቋ ያለው ደግሞ የሴት ነው፤ ስድብም ምርቃትም ብትሰጣት እንደ ዜና የምታነብ። ሴትዮዋ ወንዱን «የእናትሽ ባል» ትለዋለች። እናቷ ደግሞ ዜና አንባቢዋን «ወይዘሪት» ብላታለች።

ሁለቱ ሴቶች በጋራ የተከራዩት የስፌት ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ አጠገብ ነው። አንድ ሰፊ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ አንድ ካውያ፣ አንድ በር፣ አንድ ጓጉንቸር አለው። ከበሩ በኩል እናቷ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ከመስኮቱ በኩል መጋረጃ ሰፊዋ አለች፤ ከእናቷ በዕድሜ ከፍ ያለች፣ ክንደ ወፍራም፣ ከንፈሯ መሀል ሁልጊዜ የመርፌ ቁልል የማይጠፋ ሴት። ጠረጴዛው መሀል ለመሀል በጠመኔ የተሰመረ መስመር አለ። እናቷ በየማለዳው ታድሰዋለች። ሴትዮዋ በየቀኑ በመጋረጃዋ ታጠፋዋለች።

ማታ ከመዘጋቱ በፊት ላፕቶፑ ያ መስመር ላይ ይቀመጣል፤ ሁለቱም የዋለባቸውን ይናገራሉ፣ ሬዲዮ ትጽፋለች፣ ድምፆቹ ያደርሳሉ። የሴትዮዋን ቋንቋ ትምህርት ቤት ስለምትማረው ትሰማዋለች፣ ትጽፈዋለችም። አፏን ከፍታ ስትናገረው ግን ምላሷ ይተሳሰራል። የመጀመሪያ ቀን ሰላምታ ስታቀርብላት ሴትዮዋ እንባዋ እስኪፈስ ስቃባታለች። ከዚያ ወዲህ ሞክራው አታውቅም። እናቷም ብትሆን በልጇ አፍ አትተማመንም።

«አንቺ ትፈሪያታለሽ፤ ነገሬን ታኝኪብኛለሽ» ትላለች። «ኮምፒውተሩ ይናገር። እሱ ይሉኝታ የለው፣ ወገን የለው።»

ሬዲዮ ማለሳለስ የጀመረችው በዚህ እምነት ላይ ቆማ ነው። መጀመሪያ አንድ ስድብ ዘለለች። ቀጥሎ «እባክሽ» ጨመረች። ከዚያ በኋላ እጇ መንገዱን ለመደው። ምክንያት ነበራት። ክፍሉን አንዳቸው ብቻቸውን ሊይዙት አይችሉም። ከተጣሉ ሁለቱም ይለቃሉ፣ እናቷም ወደ ፋብሪካው ትመለሳለች። ፋብሪካ ማለት የሌሊት ፈረቃ ነው። ሬዲዮ ያንን ጊዜ አትረሳውም፤ በሩን ከውስጥ ቀርቅራ፣ ወንበር አስደግፋ፣ ኮሪደሩ ላይ የሚሄደውን እግር ሁሉ እየቆጠረች ያደረችበትን።

ባለፈው ሳምንት ግን ማለሳለሱ ከልክ አለፈ። ሴትዮዋ ለአንድ ትልቅ አዳራሽ መጋረጃ እንድትሰፋ ታዘዘች። ሥራው ጊዜ ስለሚያጥረው ገና ሳይነጋ መጀመር አለባት፤ እናቷ ደግሞ ትናንሾቹን ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ፣ ቀን ከሆነ በኋላ ነው የምትከፍተው። ስለዚህ የበሩ ቁልፍ ቅጂ እንዲሰጣት ጠየቀች።

«ቁልፍ?» ብላ ነበር እናቷ። «አብጃለሁ? ሌሊት መጥታ የስፌት መኪናዬን አስጭና ብትጠፋ ማንን ልከስ ነው? ካውያውን ሰክታ ረስታው ሕንፃው ቢነድስ? ሞቼ ነው ቁልፍ የምሰጣት!»

ሰውዬው በዚያ በረጋ ድምፁ፣ «እሺ፤ እስከሚቀጥለው ሳምንት ታገሺኝ» ብሎ አደረሰላት።

ሴትዮዋ ተለወጠች። የእናቷን የስፌት መኪና ቀበቶ ሳትጠየቅ አጠበቀች፤ የተከመረውን ዩኒፎርም ተኮሰች። እናቷ ግን እንቅልፍ አጣች። «ይሄ ደግነት ጤናማ አይደለም። አንድ ነገር አስባብኛለች» እያለች ቦርሳዋን እጇ ላይ ጠምጥማ መስፋት ጀመረች።

ሬዲዮ ነገሩን የነገረችው ትምህርት ቤት አብራት ለምትቀመጠው ልጅ ብቻ ነው። ጓደኛዋ ሳቋን አፍና፣ «አንቺ ጣጣ ነሽ! ነቄ ካሉ እኮ ሁለቱም ተባብረው ነው የሚቀቅሉሽ» አለቻት። ቀጥሎ ሳቁ ጠፋና፣ «የምሬን ነው፤ ቁልፉን ከየት ልታመጪላት ነው?» ስትል ጠየቀች። ሬዲዮ የሆነ ነገር ይፈጠራል ብላ ነበር። ምንም አልተፈጠረም፤ ሳምንቱ ደረሰ እንጂ።

አሁን ሴትዮዋ ከመስኮቱ በኩል ተነሥታ መጣች። መርፌዎቹ ከንፈሯ መሀል እንዳሉ፣ መዳፏን ዘርግታ፣ በሌላ እጇ ሁለት ጣቶቿን አየር ላይ አሽከረከረች። በር በቁልፍ እንደምትከፍት።

«ምን ትላለች?» አለች እናቷ።

የሬዲዮ ጣቶች ፊደሎቹ ላይ ቀሩ።

«ጻፊያ!»

ጻፈች። ዜና አንባቢዋ ጉሮሮዋን ሳትጠርግ፣ «ስለ ካውያው ይቅርታ እጠይቃለሁ» አለች።

እናቷ የሴትዮዋን ጣቶች ተመለከተች። ጣቶቹ አሁንም ይሽከረከራሉ። መዳፉም እንደተዘረጋ ነው።

«ይቅርታ በጣት ነው እንዴ የሚባለው?»

«እማዬ፣ የእነሱ ልማድ—»

«ዝም በይ።» እናቷ አልጮኸችም። ብትጮህባት ለሬዲዮ ይሻላት ነበር። «ቅድም እኔ የተናገርኩትን የጻፍሽው አለ አይደል? አላጠፋሽውም?»

«አለ።»

«ስክሪኑን አታዙሪልኝ፤ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ወይዘሪትን ጥሪልኝና በእኛው ቋንቋ ታንብብልኝ።»

መሸሻ አልነበረም። ከጽሑፉ ጎን ያለችውን ትንሽዬ የድምፅ ምልክት ነካቻት። ዜና አንባቢዋ እንደ ሁልጊዜው ጥርት አድርጋ፣ ስለ ሩቅ አገር ዝናብ እንደምታወራ ሁሉ፣ አነበበች፦

«እህቴ፣ ስለ ካውያው አታስቢ። ዛሬ ደክሞሽ ይሆናል። ነገ እንነጋገራለን።»

እናቷ ዱካ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«እህቴ?» አለች። «እኔ? እሷን?»

ሬዲዮ አንገቷን ደፋች።

«ስንት ጊዜ ነው እንዲህ ያደረግሽኝ?»

«ከድሮ ጀምሮ።»

«እሷ ለእኔ የምትለውንስ?»

«እሱንም።»

«ምን ነበር ታዲያ የምትለኝ?»

«ብዙ ነገር» አለች ሬዲዮ። «ደግ አይደለም።»

«አውቄዋለሁ! ፊቷ እንደዚያ ተኮማትሮ ‹ጤና ይስጥልኝ› ስትለኝ፣ አንድ ነገር እንዳለ አውቄዋለሁ!» እናቷ ተነሣች። «እና ይሄ ጣት ምንድን ነው? አሁን እውነቷን ንገሪኝ፤ አለዚያ ያንን እቃ በመስኮት ነው የምወረውረው!»

«ቁልፉን ነው። ትሰጪኛለሽ ብላ ነው። … እሰጥሻለሁ ያልሽ መስሏት።»

የእናቷ እጅ አንገቷ ላይ በክር ወዳንጠለጠለችው ቁልፍ ሄደ፤ ጨበጣት፣ ልክ አሁን ሊነጥቋት እንደመጡ። ሴትዮዋ አንዴ እናቲቱን፣ አንዴ ልጅቱን ታያለች። መዳፏ ቀስ እያለ መታጠፍ ጀምሯል።

«እኔ የወለድኩሽ አፌ እንድትሆኚ ነው ወይስ ጠላቴ?» አለች እናቷ። «ቁጭ በይ። ጻፊ። አንዲት ፊደል ብትጥይ ወይዘሪትን አስነብባታለሁ። ቁልፍ አልሰጥሽም። አላልኩም፤ ወደፊትም አልልም። እህቴ አይደለሽም። ይሄ ካልተስማማሽ ጨርቅሽን ጠቅልለሽ ውጪልኝ። ጻፍሽ?»

ሬዲዮ «ቁልፍ» ብላ ጽፋ ቆመች።

ቀላሉ መንገድ ከፊቷ ነበር። «ቁልፍ ሠሪው ታሞ ነው» ብትል ሰውዬው በዚያ አባታዊ ድምፁ ያደርስላታል፤ እናቷ ደግሞ ማስነበቧን ትርሳው አትርሳው አይታወቅም። አንድ ሳምንት ይገኛል። ከዚያ ሌላ ሳምንት። መስኮቱ ስር ግን ያልተሰፋው መጋረጃ እስከ ሴትዮዋ ወገብ ተቆልሏል፤ ሬዲዮ በፈጠረችው ቃል ተማምና ተቀብላ የቆለለችው።

ቃል በቃል ጻፈችው። «እህቴ አይደለሽም» የሚለውንም፣ «ውጪልኝ» የሚለውንም። ከስሩ ደግሞ እናቷ ያላለችውን አንድ መስመር ጨመረች፦ «ቁልፉን እሰጥሻለሁ ያለችሽ እናቴ አይደለችም። እኔ ነኝ።» ተጫነችው።

ሰውዬው ሁሉንም አነበበው። ሳይቸኩል፣ ሳይቆጣ፣ ለሕፃን ተረት እንደሚነግር ሰው። ለዚህ ነገር ከዚህ የባሰ ድምፅ አልነበረም።

ሴትዮዋ ከንፈሯ መሀል ያሉትን መርፌዎች አንድ በአንድ አወጣች። የመርፌ መሰኪያ ትራሷ ላይ አንድ በአንድ ሰካች። የመጨረሻዋን ስትሰካ ጮኸች።

ሬዲዮ በሕይወቷ እንዲህ ያለ ጩኸት አልሰማችም። ሴትዮዋ መጋረጃውን ታነሣለች፣ ትጥላለች፤ ግንባሯን ትመታለች፤ ወደ ሬዲዮ ጣቷን ትቀስራለች፤ መልሳ ወደ እናቷ። እናቷም ዝም አላለች። ሁለት ቋንቋ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተጋጨ። ላፕቶፑን ዞር ብሎ ያየው የለም።

«ምን አለች? ጻፊ እንጂ!» አለች እናቷ በመሀል።

ሬዲዮ የላፕቶፑን ክዳን ዘጋችው።

«አልጽፍም።»

«ምን አልሽ አንቺ?»

«አልጽፍም፣ እማዬ። እያት። እጇን እያት።»

እናቷ በንዴት ዞረች። ሴትዮዋ መስኮቱን እያሳየች ነበር፤ በጣቷ ከጣሪያው ጠርዝ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ሣለች፤ ከጠርዙ በታች ያለውን፣ ገና ሳይነጋ ያለውን ሰዓት፣ ደጋግማ በጣቷ መታች። ከዚያ የመጋረጃውን ክምር። ከዚያ የራሷን አንገት በጣቷ ቆረጠች።

እናቷ መልስ አላጣችም። ወደ ስፌት መኪናዋ ሄዳ፣ የማይታይ ሸክም ጀርባዋ ላይ አዝላ፣ በሩ ድረስ ጎንበስ ብላ በሩጫ ሄደች። ሌባ። ከዚያ ቀና ብላ ጣቷን ሴትዮዋ ላይ ቀሰረች።

የሴትዮዋ ፊት በንዴት ቀላ። እጅጌዋን ሰብስባ፣ እነዚያን ክንዶቿን መኪናው ስር አስገብታ ለማንሣት ታገለች። መኪናው ከነብረት እግሩ በብሎን ወለሉ ላይ የታሰረ ነው። ንቅንቅ አላለም። ደጋግማ ሞከረች፣ አቃሰተች፣ ለቀቀችው። ከዚያ እጆቿን ዘርግታ፣ «ታዲያ እንዴት አድርጌ?» የሚል ፊት አሳየቻት። ይህን ማንም መተርጎም አላስፈለገውም።

እናቷ ለመሳቅ ያሰበች ይመስል ነበር፤ ግን ትታው ካውያውን ከሶኬቱ እንደ ጥርስ ነቀለችው።

በሩ ተንኳኳና የሕንፃው ጥበቃ ባትሪውን ይዞ አንገቱን አስገባ። «እንዴ! እኔ ሰው ታረደ ብዬ ደረጃውን በሩጫ ነው የወጣሁት።»

«ማንም አልታረደም፣ ጋሼ» አለች ሬዲዮ።

«በሉ ውጡ፤ የታችኛውን በር ልዘጋው ነው። ጠቡን አንጠልጥላችሁት ውጡ፤ እዚህ አታሳድሩብኝ።» ሬዲዮን ተመለከታት። «የት ሄደ ያ ሰውዬሽ? ዛሬ ዝም ብሏል።»

«ደክሞት ነው።»

«እኔም ደክሞኛል» ብሎ ባትሪውን እያወዛወዘ ወረደ።

እናቷ የመዝጋት ሥርዓቷን ጀመረች። የካውያውን ሶኬት አየች፤ ሄዳ ተመልሳ አየችው። መስኮቱን ገፋች። መብራቱን አጠፋች፣ አብርታ ወለሉን ቃኘች፣ አጠፋች። ሴትዮዋ ሁለት ጥቅል መጋረጃ ደረቷ ላይ ታቅፋ ቀድማ ወጣች። ቤቷ የስፌት መኪና የላትም፤ በእጇ ልትሰፋው ነው። ሬዲዮ ላፕቶፑን ብብቷ ስር አድርጋ ኮሪደሩ ላይ፣ ከሁለቱም እኩል ርቃ ቆመች።

«አንቺን ቤት እንነጋገራለን» አለቻት እናቷ፣ ሳታያት።

ሴትዮዋ ደረጃው ጫፍ ደርሳ ቆመች። ተመለሰች። እናቷን ሳይሆን ሬዲዮን እያየች፣ ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን ቃል እየለየች ተናገረች። ስትጨርስ ጠበቀች።

«ምን አለች?» እናቷ ጓጉንቸሩን ይዛ ቀረች። «ክፈቺው ያንን እቃ።»

ሬዲዮ ላፕቶፑን አልከፈተችውም። ትንፋሿን ሳበች።

«‹ነገ ሰማዩ ሳይገለጥ እዚህ በር ላይ ነኝ። ካልተከፈተልኝ ሕንፃው በሙሉ እስኪሰማ በቡጢ እደበድበዋለሁ› አለች። ‹እናትሽ ፈሪ ናት፤ ይህንንም ሳትቀንሺ ንገሪያት› ብላለች።»

«ፈሪ?»

«ፈሪ።»

እናቷ ሬዲዮን ለረጅም ጊዜ ተመለከተቻት፤ ይህችኛዋ ቃል ተጨምሮባት ወይም ተቀንሶባት እንደሆነ የምትመዝን ይመስል ነበር። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞረች።

«በያት፦ ከእሷ በፊት እዚህ የምገኘው እኔ ነኝ። ትናንሾቹን እዚያው ወለል ላይ አስተኝቼም ቢሆን። ያኔ ፈሪ ማን እንደሆነ እንተያያለን። ከፍቼ ስጠብቃት ከቀረች ግን መልሼ ቆልፌው ነው የምሄደው። ካውያውንም አጠገቤ ካልሆነች አትሰካም። በያት።»

ሬዲዮ አፏን ከፈተች። ምላሷ እንደ ድሮው ተሳሰረ፤ ከጉሮሮዋ የሚወጡት ድምፆች ከሰውዬው ድምፅ ጋር አይገናኙም፣ ይሰበራሉ፣ ይደናቀፋሉ። ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ካውያውን ጨምሮ፣ ምንም ሳታስቀር ተናገረችው። ከዚያ ይስቃል ብላ የጠበቀችውን የሴትዮዋን ፊት ቀና ብላ አየችው።

ሴትዮዋ አልሳቀችም። እናቷን ከእግር እስከ ራሷ ቃኘቻት። መጋረጃውን ክንዷ ላይ አስተካከለችና አንድ ቃል ወርውራ ደረጃውን ወረደች።

«ደግሞ ምን አለች?»

«‹ያንን ባልሽን ነገ እንዳታመጪው› በያት አለች።»

«አፍንጫዋን ትላስ» አለች እናቷ።

በሩን በትከሻዋ ገፋችው፤ እርጥበት ስለሚያሳብጠው ካልተገፋ አይገጥምም። ዛሬ አልገጠመም። ሬዲዮ ላፕቶፑን መሬት ላይ አስቀምጣ፣ ከእናቷ ጎን ትከሻዋን ሰጠች። ሁለቱም ሳይተያዩ ገፉት። ብረቱ ቀዳዳው ላይ ገባ። ጓጉንቸሩ ቀጭ አለ፤ እናቷ ጎተተችው፣ ደግማ ጎተተችው፣ ቁልፏን ወደ አንገቷ መለሰች።